ለሂሳብ መምህር የተላኩ ሽማግሌዎች

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ከሞት በቀር ሽማግሌ የማይመልሰው ነገር የለም» ይል ነበር። ይህን ሲል ሚስቱ የኮበለለችበትም፣ ድንበሩ የተገፋበትም፣ ከወንድሙ የተኳረፈውም እኩል ይጽናኑ ነበር። እውነቱንም ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚህ አገር ሽማግሌ ያልገባበት ምን ነገር አለ? ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ። ደም ሲፈስ ሽማግሌ። ልጃገረድ ሲፈለግ ሽማግሌ። የእኔን ትዳር እንኳ እዚህ ያደረሰው ሽማግሌ ነው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ አኩርፋ አገሯ ገብታ ሽማግሌ መለሳት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አኩርፌ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እኔን የመለሰኝ ግን ሽማግሌ ሳይሆን ረሃብ ነው። እሱን ለአባቴ አልነገርኩትም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው፣ ልጁ ከኮሌጅ ሲባረርበት ምን ያደርጋል ትላላችሁ?

ጊዜው የደርግ ነው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ባለጋሪ ነበርኩ፤ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። ከመናኸሪያ ተሳፋሪ ጭኜ ከተማውን ስዞር እውላለሁ፤ ወደ ኮሌጁ የሚሄድ መምህር ወይም ተማሪ ያገኘሁ ቀን ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም። ለምን ቢሉ፣ ልጄ ታምራት የዚያ ኮሌጅ ተማሪ ነበራ! ከዘራችን ኮሌጅ የረገጠ እሱ የመጀመሪያው ነው። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜ ነው የወጣሁት። በኋላ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ እሱንም ተማርኩ፤ ከዚያ ማንም አላባረረኝም። እና በኮሌጁ በር ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አወልቅ ነበር። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ መምሬ ኃይሉ አብረውኝ ተሳፍረው ይህን አዩና፣ ምነው፣ እዚህ ግቢ ታቦት አለ እንዴ አሉኝ። ልጄ አለ አልኳቸው። አማተቡ፤ ለእኔ ይሁን ለልጄ አልገባኝም።

ጸሎት አላጓድልም ነበር። ጠዋት ዳዊቴን ደግሜ ሳበቃ ሁልጊዜ የማስከትላት ልመና ነበረችኝ። ልጁ ተመርቆ ወደ ሩቅ አገር እንዳይመደብብኝ እፈራ ስለነበር፣ «ጌታ ሆይ፣ ታምራትን ከዓይኔ አታርቅብኝ» እላለሁ። አንባቢዎቼ፣ ስትለምኑ አጥርታችሁ ለምኑ። እግዚአብሔር ሲሰማ እንዲህ ነው የሚሰማው፤ ልጁን ከነብርድ ልብሱ ቤቴ ድረስ መለሰልኝ።

የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው። አንዲት ተማሪ ከኮሌጁ በር ወጥታ ጋሪዬ ላይ ወጣችና ገና ሳንንቀሳቀስ፣ «አባባ፣ የታምራትን ነገር ሰምተን ሁላችንም አዘንን» አለችኝ። ልጓሙ ከእጄ አመለጠ። ልጅ ሲሞት እንዲህ ነው የሚረዱት ብዬ ራሴን ልይዝ ስል፣ ደንግጣ፣ ኧረ ደህና ነው፣ በውጤት ተባረረ ነው ያልኩት አለችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ምን ልበላችሁ? ልጄ አልሞተም! ከሞት በቀር ደግሞ... የአባቴን ነገር ታውቁታላችሁ። ልጅቷን መሀል መንገድ አውርጄ፣ እሷም ገብቷት ነው መሰለኝ ሳትቆጣ፣ ዳማን ወደ ቤት አስጋለብኩት።

ታምራት ከቤት ደርሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። እናቱ እግርጌው ተቀምጣ፣ እንኳን በደህና መጣህ ልትለውም አፈር ብላም ልትለውም ተቸግራ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። ከማን ጋር ተጣላህ አልኩት። ከማንም አለኝ። ሰው ከማንም ሳይጣላ እንዴት ይባረራል? ሂሳብ ወድቄ ነው አለ። ሂሳቡ ብቻውን አልጣለህም፣ የሚያስተምረው ሰው ይኖራል አልኩት። ይህን ስል ነገሩ በእጄ እንደገባ ቆጠርኩት።

ልጁ እያዘነ ሕጉን አስረዳኝ። ውጤቱ ከተወሰነው በታች የወረደ ተማሪ ይባረራል። መመለሻው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለጥቂት የወደቀ እንደሆነ የኮሌጁ ኮሚሽን ተቀምጦ ጉዳዩን ያያል፤ ከወደቀበት ሊነሳ እንደሚችል ካመኑበት በማስጠንቀቂያ ይመልሱታል። ሁለተኛው፣ ዓመት ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ እንደገና ማመልከት ነው። እሱ እንደሆነ ከአሁን ወዲያ ማንም አያምነኝም ብሎ ሁለተኛውን መርጧል።

ሌላ ዘመን ቢሆን ዓመት መቀመጡ ምን ነበረበት? ከእኔ ጋር ጋሪ እየነዳ ይቆይ ነበር። ያኔ ግን ብሔራዊ ውትድርና አለ። ከትምህርት ገበታ የተነሳ ጎረምሳ ቤቱ ቁጭ አይልም፤ ቀበሌ ይጠራዋል፣ ማሠልጠኛ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ግንባር ነው። የሰፈራችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ አስር አለቃ በቀለ ጎረቤታችን ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ዕለት ማታ ሊያጽናኑን መጥተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ቀስ አድርገው ነገሩኝ። «ወንድሜ፣ ኮሌጁ ከመለሰው የኮሌጁ ነው። ካልመለሰው ግን የእኔ ነው።»

እናቱ ይህን ስትሰማ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ዳዊቴን አነሳሁ። ከመሀሉ ሳልደርስ አሳቡ መጣልኝ፤ ሽማግሌ ይላካል!

ሽማግሌ ደግሞ ሲመረጥ እንዲሁ አይመረጥም። መጀመሪያ መምሬ ኃይሉን ያዝኩ፤ መስቀል የያዘ ሰው በር አይዘጋበትም። ሁለተኛ አቶ ዳንጊሶን ለመንኩ። አቶ ዳንጊሶ የሲዳማ ሽማግሌ ናቸው፣ በሃይማኖት ጴንጤ ናቸው፣ በእርቅ ግን አገር የሚያውቃቸው ናቸው፤ ሁለት ጎሳ የተጋደለበትን ነገር አንድ ዛፍ ሥር ጨርሰው ያውቃሉ። ሦስተኛውን ስፈልግ አስር አለቃ በቀለ ራሳቸው፣ እኔስ ብለው መጡ። ያለፈቃድ ሰው መሰብሰብ በሚያስጠይቅበት ዘመን የአብዮት ጥበቃ ሽማግሌ ማግኘት ምን ያህል መታደል እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ልጄን የሚወስዱት ሰውዬ ልጄን ሊያስታርቁ ገቡ። እንዲህ ያለ አገር ነው የነበረን፤ እግዜር ይስጠው።

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ተቀምጠው መከሩ። አቶ ዳንጊሶ እንደ ባህላቸው ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም አሉ። ታምራትን አስነስተው ጠየቁት። መምህሩ ሰድቦህ ያውቃል? አያውቅም። አንተስ? እኔም። ያስተማረህን ታውቃለህ? አላውቅም። እንግዲህ ተበዳዩ መምህሩ ነው አሉ አቶ ዳንጊሶ፤ ሰውየው ደክሞ አስተምሮ፣ ይሄ ልጅ ምንም ሳይወስድ ባዶ እጁን መለሰው። ቤት ድረስ የመጣ እህል አልበላም ማለት ስድብ አይደለም እንዴ? መምሬም፣ የተበደለ ሰው በባዶ እጅ አይለመንም፣ በአገራችን ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው አሉ። ተስማማን።

ታምራት ብቻ ከአልጋው ላይ ተነስቶ ተቆጣ። «አባባ፣ መምህሩ ህንዳዊ ናቸው እኮ!»

«ህንድ አገር ድንጋይ የለም?» አሉት አቶ ዳንጊሶ።

የድንጋይ ምርጫው ራሱ አንድ ሙግት ነበር። እናቱ አንጀቷ አልችል ብሏት ከሐይቁ ዳር ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ አምጥታ ነበር፤ ሲያዩት ትልቅ፣ ሲያነሱት ጥጥ። መምሬ በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ ይህ እግር መፈግፈጊያ ነው፣ ንስሐ አይደለም ብለው መለሱላት። ሄጄ ከታቦር ተራራ ሥር አንድ የረባ ጥቁር ድንጋይ አመጣሁ። እስከ ኮሌጁ በጋሪው ልጫንለት ብል አቶ ዳንጊሶ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ድንጋይ በጋሪ አይታረቅም።

እንዲህ ሆነና፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጉዞ ጀመርን። ሲነሱ መምሬ አቡነ ዘበሰማያት አደረሱ፤ አቶ ዳንጊሶ ደግሞ በራሳቸው ደንብ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ረጅም ነው፣ ዳማ ቆሞ አንቀላፋ። አስር አለቃ ብቻ፣ ሃይማኖትን በሥራ ሰዓት አላይም ብለው ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋሪ ላይ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ፣ ታምራት ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከኋላ።

ፈጥኜ እንዳልነዳ ልጁ ይቀራል፤ ቀስ ብዬ እንዳልነዳ ከተማው ሁሉ ይደርስብናል። ደረሰብንም። አዋሳ ያን ያህል ሰው ያላት አይመስለኝም ነበር። አንዷ ገና ከሩቅ፣ ሰው ገድሎ ነው ብላ ፈረደች። ሌላዋ፣ ምን ይገድላል፣ የሰው ልጅ አስረግዞ ነው እንጂ፣ አንገቱን ሲሰብር አታይውም አለች። አንድ ቢስክሌት አከራይ ሮጦ ደርሶ ጠየቀኝና እውነቱን ነገርኩት፤ መዋሸት አልወድም። ቆሞ አሰበ። ቀጥሎ ለመንገዱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሂሳብ ወድቆ ነው! ሂሳብ ለወደቀማ እኔ ታቦርን ከነዛፉ ነበር የምሸከመው» አለ። ሳቁ እስከ ኮሌጁ መታጠፊያ ሸኘን። ልጄ ላቡ እየወረደ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እኔም በልቤ፣ ምን አደረግሁት አልኩ፤ ዳዊት ቢመጣልኝ ብዬ ብሞክር «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ብቻ ትመጣልኛለች።

የኮሌጁ ዘበኛ ያውቀኛል። ድንጋዩን አየና ምንድን ነው አለ። ሽምግልና ነው ስንለው ባርኔጣውን አውልቆ በሩን በሁለት በኩል ከፈተልን። አያችሁ? ለሚያውቀው ሰው ነገሩ ማብራሪያ አይፈልግም።

ህንዱ መምህር ግን አያውቁም።

ከመምህራኑ ቤት ደጃፍ ላይ ቲማቲማቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘናቸው። አሁን በእሳቸው ዓይን እዩት። ባለፈው ሳምንት የጣሉት ተማሪ፣ ትልቅ ድንጋይ ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ወደ እሳቸው ይመጣል። ከኋላው ጥቁር የለበሰ ቄስ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እንደ ደንቡ ግራና ቀኝ ተዘርግተው ቆሙ፤ ለማያውቅ ሰው ከበባ ነው። ማጠጫውን ጥለው፣ በሩን ቆልፈው፣ በመስኮት ብቅ ሲሉ አንድ ሆነ። በእንግሊዝኛ ጮኹ። ታምራትም ከድንጋዩ ሥር ሆኖ በእንግሊዝኛ መለሰ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው! ምን እንደተባባሉ ባላውቅም የተባረረ ልጅ አይመስልም ነበር።

መምህሩ በሁለት እጃቸው ወደ መሬት ደጋግመው አመለከቱ። ድንጋዩን አውርድ ማለታቸው ነው።

ይህን ማንም ያውቀዋል፤ ተበዳይ ድንጋዩን አውርድ ካለ ይቅር ብሏል ማለት ነው! ታምራት አወረደ። መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መረቁ። አቶ ዳንጊሶ መሬቱን ሳሙ። እኔ አለቀስኩ። አስር አለቃ በቀለ ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ፤ መምህሩ ይህን ሲያዩ ጭራሽ መስኮቱንም ዘጉት። እኛም እንደ ታረቀ ሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠን ቤት ያፈራውን እስኪያቀርቡልን እንጠብቅ ጀመር።

የቀረበልን የኮሌጁ ዲን ነው። ለካ መምህሩ ስልክ ደውለውለት፣ ሸሚዙን በግማሽ ቆልፎ፣ የግቢውን ጥበቃ አስከትሎ እየሮጠ መጣ። አስር አለቃ፣ ጓድ ዲን፣ ችግር የለም፣ እርቁ አልቋል አሉት። ዲኑ የአገር ልጅ ነው። ድንጋዩን አየ፣ ልጁን አየ፣ መምሬን አየ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ቲማቲሙ አዙሮ ብዙ ቆየ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሲመለስ ግን ፊቱ የዲን ነው። መምህሩን አባብሎ አስወጣና፣ ለእኛ ረጋ ብሎ ነገረን። ኮሌጅ ተቀይሞ አያባርር፣ ታርቆም አይመልስ። ኮሚሽኑ ሐሙስ ይቀመጣል፤ የታምራት ውጤት ለጥቂት የወረደ ስለሆነ ማየት ይቻላል። አንድ ጥያቄ ግን ይጠየቃል። «ትናንት የወደቀ ልጅ ነገ እንዳይወድቅ ምን ተለወጠ? እኔ ለኮሚሽኑ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ፤ እኔ ባርኔጣዬን አሻሸሁ። አስር አለቃ በቀለ ወደ ልጄ ሲመለከቱ አየኋቸው፤ ወታደር ሲመለምል እንደሚያየው አይደለም፣ እኔ ግን በመሀላቸው ገብቼ ቆምኩ።

አቶ ዳንጊሶ ብቻ አልቸኮሉም። ወደ መምህሩ ዞረው፣ ይህን ልጅ እንዴት ነው የሚያውቁት ብለው በዲኑ አፍ አስጠየቁ። መምህሩ፣ አላውቀውም ነው ያሉት፤ ከኋላ ይቀመጣል፣ እጁን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም፣ ድምፁን የሰማሁት ዛሬ ነው። አቶ ዳንጊሶ ወደ ታምራት ዞሩ። ለምን አልጠየቅህም?

ልጄ ማጅራቱን እያሸ፣ አፍሮ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልገባኝም አለ። ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ምኑን እንደምጠይቅም ጠፋኝ።

አቶ ዳንጊሶ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «አንተ ልጅ፣ ከቤትህ ድንጋይ ተሸክመህ እዚህ መጣህ። አዋሳ ውስጥ ያልሳቀብህ ሰው ማን ቀረ? ስቀው ጨረሱ። አሁን ምን ትፈራለህ?» ከዚያም ወደ ዲኑ ዞር ብለው፣ «የተለወጠው ይሄ ነው። እፍረቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። እንዲህ ብለህ ንገራቸው» አሉት።

ዲኑ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው መምህሩ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ልጁን አዩ። ረጅም ነገር ተናገሩ። ዲኑ ሲያሳጥረው፣ ይመለስ ባይ ነኝ፣ ከተመለሰም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ እየመጣ ይጠይቀኝ፣ ባዶ እጁን ይምጣ ብለዋል አለን። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ወዲያ መርቀው ሻይ ጠጡ። እንዲያውም መምሬ ጾም ነው ብለው ያልነኩትን ብስኩት አቶ ዳንጊሶ በሰላም ተቀበሏቸው።

ሐሙስ ተሳፋሪ አልጫንኩም። ጋሪዬን ከኮሌጁ በር አቁሜ ዳዊቴን ደገምኩ፤ ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ዳማ እንኳ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ታምራት ከበሩ እየሮጠ ሲወጣ እግሩ መሬት አይነካም፤ ገና ሳይነግረኝ ከጋሪው ዘልዬ ወርጄ ዘበኛውን ሳምኩት። ተመልሷል! በማስጠንቀቂያ፣ ሂሳቡን ደግሞ እንዲማር፣ ግን ተመልሷል። ያን ቀን አዋሳን ሁለት ጊዜ ዞርናት፤ ልጄ ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በምርቃት እየጫንኩ። አስር አለቃ በቀለ ከቀበሌው ደጃፍ ቆመው ስናልፍ አዩን፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ላይ ወረወሩት። እናቱ ጓዳ ገብታ ያለቀሰችውን ስትወጣ በእልልታ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላማ ልጁ እጁን ማንሳት ጀመረ አይደል? ጠዋት ያነሳል፣ ማታ ያነሳል። መምህሩ በኋላ ላይ ለዲኑ፣ ለዚህ ልጅ ድንጋዩን መልሱለትና እንረፍ ብለዋል ተብሎ እስከ ሰፈራችን ተወራ። ሂሳቡንም በሲ አለፈው። ሲ ምንድን ነው ብላ ባለቤቴ ብትጠይቀኝ፣ በአማርኛ ተመስገን ማለት ነው አልኳት።

ወሬው ግን ጋሪ አይጠብቅም። አዋሳን ለቆ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ እየሄደ በየከተማው ሲያድር እያማረበት ሄዶ ኖሯል። በተከታዩ ዓመት ውጤት የተለጠፈ ሰሞን መናኸሪያ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ፣ ከዲላ አውቶቡስ አንድ የማላውቀው ሰው ወረደ። ነጭ ጋቢ የለበሰ፣ የተከበረ ሰው ነው። ባለጋሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠየቀ እኔ ዘንድ ደረሰ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፣ ግራና ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ የእኔዋ ልጅ የወደቀችው በሦስት ትምህርት ነው፤ ሦስት ድንጋይ ነው የምትሸከመው ወይስ አንድ ትልቅ ይበቃታል?»